ጣት ቆጣሪው መምህራችን ይኑሩልን

ዘንድሮም አውሮፓ ልትፈርስ ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ መምህራችን ባያስጠነቅቁን ሳናውቅ ትፈርስብን ነበር።

ነገሩ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 2 ላይ ነው። ናቡከደነፆር በሕልሙ ምስል ያያል። ራሱ ወርቅ፣ ደረቱ ብር፣ ሆዱ ናስ፣ ጭኖቹ ብረት፤ እግሩ ግን ግማሹ ብረት ግማሹ ሸክላ። የተከፋፈለ መንግሥት ነው ይለዋል ዳንኤል፣ ብረትና ሸክላ እንደማይጣበቁ አይጣበቅም። ሌላው ሰው እዚህ ሲደርስ አሜን ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። መምህራችን ግን ጣት መቁጠር ይጀምራሉ፤ የምስሉ አሥር ጣቶች የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ናቸው ባይ ናቸው።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1957 የኅብረቱን መነሻ ውል ሮም ላይ የፈረሙት አገሮች 6 ብቻ ነበሩ፣ 6 ጣት ደግሞ ለስብከት አይበቃም። በ1981 ግሪክ ስትገባ 10 ሞላ፣ እልል ተባለ! 5 ዓመት እንደሞላ ስፔንና ፖርቱጋል ገብተው 12 አደረጉት። እኔ ብሆን አፍር ነበር። ጣት ቆጣሪ ግን አያፍርም፣ ትርፍ ጣት የሚባል ነገር አለ። በ2004 ደግሞ 25 ሆኑ፤ ባለ 25 ጣት እግር ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያደርግ ጠይቄ ተቆጥተውኛል። እንግሊዝ በ1973 ስትገባ ትንቢቱ ተፈጸመ፣ በ2020 ስትወጣም ተፈጸመ። እንዲህ ያለ ገብተውም ወጥተውም የማይሳሳቱበት ሙያ ለልጆቼ በተመኘሁ!

በነገራችን ላይ ዳንኤል ምዕራፍ 2 ላይ «ጣቶች» አለ እንጂ «አሥር» አላለም። አሥሩ ቀንዶች ናቸው፣ እነሱም ያሉት ምዕራፍ 7 ላይ። ምን ችግር አለው? አምስት ምዕራፍ ነው፣ በእግር ይደረሳል።

የድሮ ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም… አንድም…» እያሉ ሲያትቱ ይውሉ ነበር። ጊዜ የተረፋቸው! የእኛ መምህር አንድም አውሮፓ ነው ብለው ይጨርሳሉ። ሰሙን ገፎ ወርቁን ማውጣትም ድሮ ቀረ፤ ወርቁ ምስሉ ራስ ላይ በግላጭ ተቀምጦ እሳቸው ጣቱ መሐል ይቆፍራሉ።

ዳንኤልማ የዋህ ነበር። «ከአንተ በኋላ ሌላ መንግሥት ይነሣል» ያለው እዚያው ቤተ መንግሥት፣ ቢቆጣ አንገት በሚያስቆርጥ ንጉሥ ፊት ቆሞ ነው። መምህራችን ብልህ ናቸው፣ የሚገሥጹት የኅብረቱን መቀመጫ ብራስልስን ነው። ብራስልስ አማርኛ አትሰማም።

እዚህ እኔ ያለሁበት ከተማ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ካቻምና ሁለት ሆኗል። ግማሹ በሒሳብ ነው የተጣሉት ይላል፣ ግማሹ በወንበር። ባለፈው እሑድ ስንሄድ አንደኛው ወገን ቁልፉን ቀይሮ ጠበቀን፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ትምህርቱ ፓርኪንግ ላይ ሆነ፣ በዚያ ብርድ። እኛ በግራ፣ እነሱ በቀኝ፣ መሐላችን ሁለት መኪና የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ትተን፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ ቆምን። መምህራችን መሐል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው «አይጣበቁም!» ሲሉ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለታችንም ወገን ባንድ ድምፅ «አሜን!» አልን።

የሚያወሩት ስለ ጀርመንና ፈረንሳይ ነበር።