የመድኃኒት ዕፅዋት ምርምራችን ከአይጥ ወዲያ አልሄደም

ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የፋርማሲና የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች የሚወጡ የማስተርስ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው አንድ ዓይነት አካሄድ ደጋግሞ ያገኛል። ተማሪው አንድ ተክል ይመርጣል፤ ቅጠሉን ወይም ሥሩን በጥላ ያደርቃል፤ ይፈጭና በ80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ይዘፈዝፈዋል፤ ያጠልለዋል፤ ፈሳሹን አትንኖ የቀረውን ጥቁር ዝልግልግ ነገር የወባ ጥገኛ ለተሰጣቸው አይጦች ያጠጣል፤ አለዚያም ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ይሞክረዋል። ጥገኛው ቀነሰ፣ ባክቴሪያው መራባቱን አቆመ ይባላል። ጽሑፉም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ይዘጋል። ያንን ተጨማሪ ጥናት የሚሠራ ሰው ግን አይመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሌላ ተክል ይዞ ከሀ ይጀምራል።

ተማሪዎቹን አልወቅስም። ሬጀንት (የቤተ ሙከራ ኬሚካል) ከውጭ እስኪገባ፣ የግዥ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር የተሰጣቸው ጊዜ ያልቃል። የምወቅሰው አሠራሩን ነው። ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ያሏት አገር የሁሉንም የመጀመሪያ ምዕራፍ እየጻፈች የአንዱንም መጨረሻ ሳትጽፍ መኖር የለባትም። ጥቂት ተክሎችን መርጠን እስከ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ መከተል አለብን። ይህን ማድረግ እንደምንችል ደግሞ ከዚህ ቀደም በገዛ እጃችን አሳይተናል።

በ1964 (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። የቢልሃርዚያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያልፍ ከሰው ወደ ሰው ሊደርስ ስለማይችል፣ ቀንድ አውጣውን የገደለ ሰው የበሽታውን መንገድ ዘጋ ማለት ነው። አክሊሉ በዚህ ግኝት አላቆሙም። ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያወዳደሩ ጥሩ ምርትና ኃይለኛ ፍሬ የሚሰጠውን «ዓይነት 44»ን መርጠው አወጡ። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በተካሄደው የመስክ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዋናው ቁጥር የሕፃናቱ ነው፤ ትልቅ ሰው ከድሮ የያዘውን ትል ለዓመታት ተሸክሞ ሊኖር ስለሚችል፣ አዲስ መተላለፍ መቆሙን የሚነግረን የትንንሾቹ ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የእንዶዱን ኬሚስትሪ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ለዛሬዎቹ ተመራማሪዎቻችን ትልቅ ትምህርት ያለው እሱ ውስጥ ነውና። አረፋ የሚያወጣው የእንዶድ ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። በፍሬው ውስጥ እንዳለ ሞለኪውሉ ሁለት የስኳር ሰንሰለቶችን ተሸክሟል፤ በዚያ መልኩ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን በውስጡ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ቆርጦ ይጥለዋል። ገዳዩ ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ያኔ ነው። ፍሬውን ወስዶ በቀጥታ ሜታኖል ውስጥ የነከረ ኬሚስት ኢንዛይሙን ያመክነውና ቀንድ አውጣን የማይጎዳውን ሳፖኒን ይዞ ይቀራል። ከዚያም «እንዶድ አይሠራም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የአድዋ ሴቶች እንዶዱን ወቅጠው በቀዝቃዛ ውሃ ማሸታቸው ትክክለኛው አሠራር ነበር።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩም የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒን ያገኘችው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ተክሉን በሙቀት ስትጨምቀው ውጤቱ ይዋዥቅባት ነበር። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ጌ ሆንግ ተክሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንደሚገባ ጽፎ ስለነበር፣ ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብላ አሰበች። በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ስታወጣው ተሳካላት። በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት ይህ ሥራ ነው።

እኛ ግን የባህል ሐኪሙን የተክሉን ስም ጠይቀን እንመለሳለን። ትኩስ ነው ደረቅ? በውሃ ነው በጠላ፣ በማር ነው በቅቤ? ይፈላል ወይስ ብርዱን ነው? በየትኛው ወር ይቆረጣል? አብሮት የሚገባው ሌላ ሥር ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በመጠይቁ ላይ ቢኖሩም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሲደርሱ ይረሳሉ፤ ሁሉም ተክል ወደዚያው ወደ 80 በመቶ ሜታኖል ይገባል። ስንት ጥሩ መድኃኒት በዚህ መንገድ «ውጤት የለውም» ተብሎ እንደተጣለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ወደ እንዶድ ልመለስ። የመስክ ሙከራው ውጤት በእጅ እያለ እንዶድ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የቀረበው ጥያቄ የደኅንነት ጥናት ነበር። ለሰው፣ ለከብት፣ ለዓሣ ምን ያህል ጉዳት አለው? ጥናቱም እውቅና ባለው ቤተ ሙከራ በጥብቅ ደንብ የተሠራ መሆን አለበት ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳፖኒን ዓሣን እንደሚጎዳ ይታወቃል። ግን እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ አገር ውስጥ አልነበረም፤ ገንዘቡም አልነበረም። ጥናቱ በውጭ ድጋፍ ተሠርቶ በ1991 ሲታተም ከአድዋው ግኝት 27 ዓመት አልፏል። እስከዚያ ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ገበያውን ይዞ፣ የቢልሃርዚያ መከላከል ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ኪኒን እደላ ዞሮ ነበር። አክሊሉና ለገሰ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል፤ ሥራቸው የተነሣለት ገበሬ ግን ከእንዶዱ አልተጠቀመም።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን አልሰሙትም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት ሲያሰባስብ ከኢትዮጵያ ከአታት ወገን የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ተወሰደ። በ1972 ኩፕቻን የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከዚያ ተክል ማይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ነበር። የካንሰር ሕዋስን የመግደል ኃይሉ ግን የሚያስደነግጥ ነው። ለሕመምተኞች ተሰጥቶ ሲሞከር ጤነኛውንም አካል ስለጎዳ ተተወ። እኛ ዘንድ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ግን ሞለኪውሉን ትንሽ ቀይረው፣ የጡት ካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቁት፤ መርዙ ካንሰሩ ውስጥ ገብቶ እንዲፈታ አደረጉት። በ2013 ካድሲላ በሚል ስም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አጸደቀው። ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ ይህን መድኃኒት በደም ሥሯ የምትወስድ ኢትዮጵያዊት እናት ብትኖር፣ የመድኃኒቱ መነሻ ያደገችበት አገር ቁጥቋጦ መሆኑን የሚነግራት ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ ወዲያው «ተዘረፍን» የሚል ቁጣ ይነሣል። ቁጣው መሠረት አለው። በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚዘጉትን ዜብራ መስል የተባሉ ቅርፊት ለበስ እንስሳት ለመግደል በሚውልበት ዘዴ ላይ ፓተንት አውጥቷል። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመጠበቅ ሕግ አውጥታለች፤ ያስፈልግ ነበር። ሆኖም ሕግ ብቻውን መድኃኒት አይሠራም። በውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት ሚሊግራሙ እንደሚፈውስና ስንቱ እንደሚጎዳ ለማናውቀው ተክል ምን ዋጋ ብለን እንደራደራለን? ማይታንሲንን መድኃኒት ያደረገው ከ1972 እስከ 2013 የዘለቀ ሥራ ነው። ዛሬ ንጥረ ነገሩ የሚመረተው ባክቴሪያ በማርባት ስለሆነ ቁጥቋጦውን የሚፈልገው የለም።

በሌላ በኩል «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ያስፈራኛል። ኮሶ ትውልዶችን ከትል ያዳነ አበባ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያንም በመድኃኒት መዝገባቸው አስገብተውታል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ጠጥተው ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች በአገራችን የሕክምና መጽሔት ላይ ተመዝግበዋል። መጠኑን በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት፣ የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው እጥፍ ኃይል ሊኖረው ሲችል፣ ለአንዱ ፈውስ ለሌላው አደጋ ይሆናል። ባለፈው የኮሮና ጊዜም፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገር በቀል መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፏል ተብሎ ከመንግሥት ወገን ሲነገር የሕዝቡ ተስፋ ምን ያህል እንደነበረ እናስታውሳለን። ተስፋ ለጨነቀው ሕዝብ መነገር ያለበት በሰው ላይ ተሞክሮ ከታየ በኋላ ነው።

የሚያስፈልገን ሰው ሞልቷል። በ1984 የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውሕዶች ተመራማሪዎችን ያገናኘው ናፕሬካ ሲቋቋም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ነበሩ። አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲዲቲ አፍሪካ መድኃኒትን በሰው ላይ የመሞከር ልምድ ያላቸው ተቋማት ናቸው። የጎደለው በመካከል ያለው ነው፦ ንጥረ ነገሩን መለየት፣ መጠኑን መወሰን፣ ደኅንነቱን ዓለም በሚቀበለው ደንብ ማረጋገጥ። ለዚህ የሚሆን አንድ የቶክሲኮሎጂ (የመርዛማነት ምርመራ) ቤተ ሙከራ፣ እውቅናው ሳይቋረጥ፣ በጀቱ ከሚኒስትር ለውጥ ጋር ሳይለዋወጥ መቆም አለበት። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶችም አሠራራቸውን ይቀይሩ፤ አንዱ ተማሪ ያቆመበትን ተክል ቀጣዩ ካቆመበት ይቀበል እንጂ አዲስ ተክል እንዲፈልግ አይገደድ። መድኃኒት አዋቂዎችም የተክል ስም ነግረው ከሚሰናበቱ፣ ቤተ ሙከራው ድረስ መጥተው አዘገጃጀታቸውን በእጃቸው እንዲያሳዩና ከሚገኘው ጥቅም ድርሻቸው በጽሑፍ እንዲታወቅ ይደረግ።

የመጀመሪያውን ተክል ለመምረጥ ኮሚቴ ማቋቋም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የቢልሃርዚያ መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከኪኒኑ ጎን እንዲሠራበት መክሯል። የእንዶድ የመስክ ውጤት አለን፤ የደኅንነት ጥናቱ መነሻ ከ1991 ጀምሮ አለ፤ የተመረጠው ዓይነት ተለይቷል፤ ኢንስቲትዩቱም የአክሊሉን ስም ይዞ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ቢልሃርዚያ ባለባቸው የጣናና የሌሎች ሐይቆቻችን ዳርቻ መንደሮች፣ ዓሣ አስጋሪዎቹን አማክሮና የዓሣውን ደኅንነት ጎን ለጎን እየለካ፣ ሙከራውን በሚቀጥለው የበጀት ዓመት መጀመር ይቻላል።