ባዶ ዜሮ አይደለም

«ዳታው አይዋሽም። ሰሜን ሸዋ ለዚህ ቴክኖሎጂ ገና አልደረሰም።»

ይህን የተናገሩት ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ነጋዴዎችን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰብስበው የገበያ ጥናት ያቀረቡልን አማካሪ ናቸው። ጥናቱን ያሠራው የሶላር ውሃ ፓምፕ አስመጪም ውጤቱን አምኖ፣ በዞኑ ሊከፍት አስቦት የነበረውን የሽያጭና የጥገና ማዕከል መተዉን እዚያው ሰማን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም።

ከዳታ ጋር ጠብ የለኝም። እንጀራዬ ነው። የሽያጭ መዝገብ እያገላበጥኩ የትኛው ዕቃ እየገባ፣ የትኛው እየወጣ እንደሆነ ለነጋዴ መንገር ሥራዬ ነው፤ በግምት ከሚነግድ ሰው ቁጥር አይቶ የሚነግድ እንደሚሻልም አምናለሁ። የማልቀበለው ዳታ ያልተሰበሰበበትን ሕዝብ «አልደረሰም» ብሎ መፈረጅን ነው።

ከቀላሉ ልነሳ። ስክሪኑ ላይ «ሰሜን ሸዋ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ሰሜን ሸዋ የሚባሉት ዞኖች ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው በኦሮሚያ ክልል፣ ዋና ከተማው ፍቼ። እጄን አውጥቼ «የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አማካሪው ወደ ረዳታቸው ዞሩ፤ ረዳታቸው ላፕቶፑ ላይ አቀረቀረ። የመጣው መልስ «ሁለቱንም ሊያካትት ይችላል» የሚል ነበር። ሊያካትት ይችላል! የሸዋ ሮቢትን የሽንኩርት ማሳ ከሰላሌ የወተት ላም ጋር በአንድ መስመር ጨፍልቆ ፍርድ መስጠት ጥናት አይባልም። የእኛው ዞን ብቻውን እንኳ አንድ ገበያ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ጋቢ ደርቦ ያደረ ሰው ጣርማ በርን ተሻግሮ ሲወርድ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በሸሚዝ ይሄዳል። የመንዝ በግ አርቢ የውሃ ፓምፕ አልፈለገም ተብሎ የቀወት ሽንኩርት አምራች አይፈልግም አይባልም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። ዋናው ግራፉ ነው። አማካሪው ፍላጎትን የለኩት በኢንተርኔት ፍለጋ፣ በሞባይል መተግበሪያ አጠቃቀምና በኦንላይን ትዕዛዝ ነው። መስመሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ቆይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። አማካሪው ጠቋሚ መብራታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው «እዚህ ጋ ፍላጎቱ ሞተ» አሉን።

እዚያ ጋ የሞተው ኔትወርኩ ነው! በዚያ ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንዳልተመለሰ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። እኛ ፋይል ለመላክ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር የተመላለስን ሰዎች ነን። የምናውቀውን ጨለማ «የፍላጎት መቀነስ» ብለው አሳዩን፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

ይህን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልያዘው፤ ምክንያቱም በዚህች አገር የሚሠራ የገበያ ትንተና ግማሹ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ ሣጥን አንድ ነገር ነው፤ ዜሮ የተጻፈበት ሣጥን ሌላ ነገር ነው። ዜሮ ማለት ቆጠርኩ፣ አንድም አላገኘሁም ማለት ነው። ባዶ ማለት አልቆጠርኩም ማለት ነው። በወር 40 ሰው የሚጠይቅበት ቦታ ነው እንበል። መስመር የነበረው 3 ወር፣ የጠፋው 9 ወር ቢሆን የተመዘገበው 120 ነው። 120ን ለ3 ስታካፍለው 40 ይሆናል፤ ባዶውን በዜሮ ሞልተህ ለ12 ስታካፍለው ደግሞ 10። የሰዉ ፍላጎት አልተነካም፤ የተለወጠው ሣጥኑን የሞላው እጅ ነው። በዚያ እጅ ምክንያት ግን አንድ ማዕከል ቀረ፣ መካኒክ ሳይቀጠር ቀረ፣ ገበሬውም ቤንዚን በጀሪካን ፍለጋ መንከራተቱን ቀጠለ።

አማካሪው ከጠቀሷቸው ምንጮች አንዱ ጉግል ትሬንድስ ነው። ጉግል ትሬንድስ ስንት ሰው እንደፈለገ አይነግርም። በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ የሆነውን 100 አድርጎ ሌላውን ከእሱ አንጻር ይለካል፤ ፈላጊው ጥቂት ሲሆን ደግሞ ዜሮ ብሎ ያሳያል። ጥቂት መሆኑን ነው ዜሮ የሚለው! ይህን የመሣሪያውን መመሪያ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ፍለጋውስ በምን ቃል ነበር? በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑን ራሳቸው ነገሩን። እኛ ዘንድ «ፀሐይ» የምትለው ቃል ብቻዋን በፀ ወይም በጸ፣ ቀጥሎ በሐ፣ በሀ፣ በኀ ወይም በሃ ስትጻፍ ስምንት መልክ አላት፤ በላቲን ፊደል የሚጽፋትን ወጣት ሳንቆጥር። እኔ ራሴ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት ያለሁበትን ቦታ ብዙ ጊዜ «አዲስ አበባ» ይለኛል። ታዲያ የእኔ ፍለጋ ለየትኛው ዞን ተቆጠረ? ቴሌብርን በ*127# የሚጠቀም ገበሬስ በየትኛው የመተግበሪያ ሪፖርት ላይ ይታያል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የአገራችን ሰው፤ የዚህ ጥናት ውሃ ከየት እንደተቀዳ ግን አዳራሹ ውስጥ የጠየቀ አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ ባለው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የእርሻ መሣሪያና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት ባለሱቅ አውቃለሁ። የዱቤ ደብተራቸው ልጥፉ የተላጠ፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ ነው። ከፊት ዱቤ ይጻፍበታል፤ ገልብጠው ከኋላ ሲከፍቱት ሌላ መዝገብ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጠይቀውኝ ያጣሁላቸው ነው» አሉኝ። «ዕቃ ላወርድ አዲስ አበባ ስሄድ እንዳልረሳው።»

በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመር በመስመር፣ ቀኑና የመጡበት ቦታ ተጽፏል። የለን የምትባል ቦታ። ጀውሃ። ከቦታው ጎን «የፀሐይ ሞተር» ይላል፤ የሶላር ፓምፕ ማለታቸው ነው። ገጹን ስገልጥ እንደገና «የፀሐይ ሞተር»፤ አንዱ ጋ «ባለ 2 ኢንች»፣ ሌላው ጋ «ጥገና አለው ወይ ብሏል»። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መጠየቁን በሦስት ጭረት ምልክት አድርገውበታል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራትም ጽሕፈቱ አልተቋረጠም። አማካሪው «ሞተ» ያሉት ፍላጎት እዚያ ደብተር ላይ በሰው እጅ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ስሙ ብቻ በእንግሊዝኛ አይደለም።

አንድ ደብተር የዞኑን ገበያ አያሳይም የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ አያሳይም። ግን ከዚያ ግራፍ ይልቅ አምነዋለሁ፤ የተጠየቀውንና ያልተገኘውን ለይቶ ይጽፋልና። የሽያጭ ቁጥር የሚያሳየው መደርደሪያ ላይ የነበረውን ብቻ ነው። ያልመጣ ዕቃ አይሸጥም፤ ያልተሸጠ ዕቃ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበውን ደግሞ ተንታኙ «ፈላጊ የለውም» ይለዋል፤ ፈላጊ የለውም የተባለውን ማንም አያመጣውም። ስንት ዕቃ በዚህ አዙሪት ከደጃችን ተመልሷል!

አዲስ ቴክኖሎጂ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ የፈለጉ ሰዎች ከድሮም ያደረጉት እግራቸውን ማንሳት ነው። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ አሜሪካውያን ድቅል የበቆሎ ዘር አዮዋ ውስጥ እንዴት እንደተስፋፋ በሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት ገበሬዎችን አነጋግረው የ259ኙን መልስ ተንትነዋል። ገበሬው ወሬውን በብዛት የሰማው ከዘር ሻጭ ነበር፤ ቆርጦ የዘራው ግን ጎረቤቱን አይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ዘሩን የተቀበለው ከአሥሩ አንድ ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ነው የገነፈለው። የእኛ አማካሪ በአምስተኛው ዓመት አዮዋ ቢደርሱ ኖሮ «አዮዋ ገና አልደረሰም» ብለው ይመለሱ ነበር። ደግሞስ ጎረቤት አይቶ የሚገዛ ሕዝብ ዘንድ የመጀመሪያው ፓምፕ የት ይታይ? ማዕከሉ እኮ ለዚያ ነበር የሚያስፈልገው።

«ከሕዝቡ ብዛት አንጻር» እያሉ ያቀረቡልንን መቶኛ ብዙም አልነካውም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ አስገንብታለች፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችን አስጠግታለች። በትንበያ ላይ በቆመ የሕዝብ ቁጥር አካፍሎ መቶኛውን ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አኃዝ ድረስ አስልቶ ማሳየት ሰውን ማሳሳት ነው።

አማካሪውም አስመጪውም ይህን ያነቡታል ብዬ አስባለሁ። ግራፉን በወር በወር ከፋፍለው፣ የአማራውን ዞን ከኦሮሚያው ለይተው፣ ኔትወርክ ያልነበረባቸውን ወራት ባዶ ትተው ያውጡት። እዚያው አዳራሽ፣ እነዚያው ነጋዴዎች ባሉበት ይሁን። እኔ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ባለሱቋን አስፈቅጃለሁ። «ዱቤውን እንዳታሳይብኝ እንጂ፣ የኋላውን ውሰደው» ብለውኛል።