505 የፈረስ ጉልበት ታቅፎ መንፏቀቅ

አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮ የምትባል ፈጣን መኪና ይዞ ቨርጂኒያ መኖር ቅጣት ነው። 2.9 ሊትር ቪ6 ሞተር፣ ሁለት ተርቦ (አየር እየገፋ ሞተሩን የሚያጎለብት)፣ 505 የፈረስ ጉልበት፣ ጫፏ በሰዓት 307 ኪሎ ሜትር። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት 395 አውራ ጎዳና ላይ የጭነት መኪና ጭስ እየጠጣሁ ነው የማረፍደው!

መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሕጉ አለ። እዚህ በሰዓት ከ85 ማይል ካለፍክ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል ከጨመርክ፣ ተራ ቅጣት ከፍለህ አትገላገልም፤ ግዴለሽ አነዳድ ይባልና ወንጀል ይሆናል፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። 85 ማይል እኮ 137 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለዚህች መኪና ማዛጋት በሉት። የፖሊስን የፍጥነት ራዳር የሚጠቁም ዕቃ ልግጠም ብትል እሱም ክልክል። ሕጉ ልክ ነው፣ እሺ፣ መንገዱ ላይ ልጅ የጫነ ሰው አለ። ግን ያበሽቃል።

የግራውን መስመር ይዞ በ55 ማይል የሚንሸራሸረውንስ ምን ልበለው? ቀኙ ባዶ ሆኖ!

ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ስንት ትሄዳለች?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ የምትሄደውንና የተፈቀደላትን ለይተህ ጠይቀኝ።

የአክስቴ ልጅ ከጀርመን እየደወለ በአውቶባን፣ በፈጣን መንገዳቸው፣ ያስቀናኛል። እዚያም ቢሆን ገደብ የሌለው ሁሉም ቦታ አይደለም፣ ይህን ግን አይነግረኝም።

የእሽቅድድም ትራክ ሂድ ትሉኛላችሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የሚባል ትራክ አለ፣ አውቃለሁ። ክፍያው አለ፣ ጎማው አለ፣ ፍሬን ሸራው አለ፤ መደበኛ ኢንሹራንስ ደግሞ ትራክ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ብጋጭ ከኪሴ ነው።