ለጣና የከፈልኩት ገንዘብ

በምኖርባት በሄግ ከተማ፣ የፈረንጆች ዓመት በገባ ቁጥር ከአካባቢው የውሃ ቦርድ የግብር ደብዳቤ ይደርሰኛል። ቤት የሌለኝ ተከራይ ሆኜ ሳለ ባሕር እንዳይገባ መክፈሌ መጀመሪያ አናድዶኝ ነበር። ደብዳቤው ግን ይህን ያህሉ ለጎርፍ መከላከያና ለውሃ ጥበቃ፣ ይህን ያህሉ ለፍሳሽ ማጣሪያ ብሎ ለይቶ ስለሚጽፍ፣ እየተናደድኩም ቢሆን ገንዘቤ ለምን እንደዋለ አውቃለሁ። የዳርቻው አሸዋ ደግሞ የማዕከላዊ መንግሥት ድርሻ ነው። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1953 ጎርፍ 1,836 ሰው ከገደለባቸው ወዲህ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሄግ በስተደቡብ ባለው ዳርቻ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ከባሕር ወለል አውጥተው ከምረው፣ ነፋሱና ሞገዱ እንዲያከፋፍለው ትተውታል።

ባለፈው መስከረም ባሕር ዳር ስገባ አጎቴ ወደ ጣና ዳር ይዘውኝ ወረዱ። በልጅነቴ ታንኳ የምንደብቅበት ደንገል የለም፤ ሞገድ የሚሰብርና አፈር የሚይዝ ሥር ስለጠፋ ውሃው ባዶውን ጭቃ እየላሰ ይመለሳል። ሐይቁን ስለወረረው የእምቦጭ አረምና ስለሚነቀልበት ዘመቻ ስጠይቃቸው፣ «እሱ ሥራ የሚጀምረው ዘመቻው ሲያልቅ ነው» አሉኝ።

ለእምቦጭ ነቀላው እኔም ከውጭ ሆኜ ሦስት ጊዜ አዋጥቻለሁ። የአንዱ ደረሰኝ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «ለጣና» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ለነዳጅ ይሁን ለጉልበት ሠራተኛ ወይስ ለዘመቻው ቲሸርት፣ ደጋግሜ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የሚያንገበግበኝ ጣና ራሱ ድኃ አለመሆኑ ነው። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ የሚሠራው በእሱ ውሃ ነው፤ ሆቴሉ በዳሩ ይነግዳል፣ ጀልባው ወደ ገዳማቱ ቱሪስት ያመላልሳል። ከዚህ ሁሉ ገቢ ጥቂቱ እንኳ ዘመቻ ኖረም አልኖረም ለዳሩ ብቻ በየዓመቱ ቢመደብ፣ ደንገሉን መልሶ ለመትከል የእኔ መዋጮ ባልተጠበቀ ነበር።

ማታ የሆላንዱን ደብዳቤ ለአጎቴ ተረጎምኩላቸው።

«እና ባይሠሩልህስ?» አሉኝ።

«አብዛኞቹ የቦርዱ አባላት በአራት ዓመት አንዴ በምርጫ ነው የሚገቡት፤ እናወርዳቸዋለን።»

ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው «እስቲ ያንን የኛን ደረሰኝ አምጣው፤ ማን እንደፈረመበት ልየው» አሉኝ። ፊርማ የለውም።