«ምን ወሰዳት?»

ዛሬ ለወቀሳ አልመጣሁም። ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ ሪሞት በእጃቸው ይዘው፣ «ምን ወሰዳት?» ለሚሉ የአሜሪካ ጠቢባን እጅ ልነሳ ነው።

ጥያቄው የገነነው በ2022 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ጣጣውም የእነሱ ነው።) ፌብሩዋሪ 17 አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ኮከብ ብሪትኒ ግራይነር ሞስኮ፣ ሸረሜቴቮ ኤርፖርት ላይ ተያዘች። ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ግራም የማይሞላ የካናቢስ ዘይት ተገኘ። በሳምንቱ ሩሲያ ዩክሬን ገባች። ኦገስት ላይ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባት። ያኔ ነው ጠቢባኑ ከሶፋቸው ቀና ያሉት። «ቆይ፣ ሩሲያ ምን ወሰዳት?»

ምን ዓይነት ንቃት ነው! ልጅቷ ከ2014 ጀምሮ የካተሪንበርግ በሚባል የሩሲያ ከተማ ላለ ክለብ ስትጫወት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሩሲያ መመላለሷን ልብ ያለ ጠቢብ ጥቂት ነው። ሁለት ሜትር ከስድስት ሳንቲም የምትረዝም ሴት እንዲህ ከዓይን መሰወሯ ራሱ ይገርማል። እስክትታሰር ማን አያት?

መልሱ አስቸጋሪ አልነበረም። በዚያ ዓመት የአሜሪካው የሴቶች ሊግ፣ ደብሊው ኤን ቢ ኤ፣ ለትልልቆቹ ኮከቦች የሚከፍለው ቢበዛ 228,000 ዶላር ገደማ ነው። የካተሪንበርግ ደግሞ ከሚሊዮን በላይ እንደሚከፍላት ተዘግቧል። ጠቢባኑ ግን ለዚህም ቃል አላጡም። «228,000 ምን አነሳት? እኔ አላገኘሁትም!» እውነት ነው፣ አላገኙትም። ቅርጫት ውስጥ ኳስ ከትተውም አያውቁም።

የዳያና ቶራሲን ጊዜማ ባነሳ ምስጋናዬ አያልቅም። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከሁሉ በላይ ናት የሚሏት ብዙ ናቸው። ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ አላት። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ አጠገብ ላለው ስፓርታክ መጫወት ጀመረች። የክለቡ ባለቤት ሻብታይ ካልማኖቪች ይባላል። በአንድ ወቅት ለሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ ለኬጂቢ፣ ሰልሏል ተብሎ እስራኤል ውስጥ የታሰረ ሰው ነው። ሰውየው ለሴት ቅርጫት ኳስ ገንዘቡን እንደ ውሃ ያፈሰው ነበር። በ2009 ሞስኮ መሃል መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ተገደለ። እንግዲህ አስቡት፦ የዓለም ምርጧን ተጫዋች እንደ ንግሥት የያዛት የቀድሞ ሰላይ ነው። የገዛ አገሯ ጠቢባን ደግሞ ቻናል ይቀይሩ ነበር።

2015 ላይ የባሰ መጣ። ቶራሲ ኋላ የተዛወረችበት የካተሪንበርግ ክለብ «የአሜሪካውን የውድድር ወቅት አትጫወቺ፣ እረፊ» አላት። አሜሪካ ያለው ክለቧ ለመጫወት 107,000 ዶላር ገደማ ይከፍላታል። ሩሲያኖቹ ከዚያ የበለጠ የከፈሏት እንድትተኛ ነው። እሷም አረፈች። ጠቢባኑ «ታማኝነት የት ገባ?» ብለው አዘኑ። ትኬት ገዝቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ከልቡ ሲያዝን ማየት ያስለቅሳል።

ሊጉንም ሳላመሰግን አላልፍም። ከጠቢባኑ ጋር ልብ ለልብ ነው። በ2021 የኒውዮርኩ ክለብ ተጫዋቾቹን ለብቻቸው በተከራየ፣ ቻርተር በሚባል፣ አውሮፕላን አመላለሰ። ረጃጅሞቹ ሴቶች ጉልበታቸውን ከፊት ወንበር ጋር ሳያላትሙ፣ ከሚያለቅስ ሕፃን ጎን ሳይሰነጉ እንዲደርሱ ነው። ሊጉ ክለቡን 500,000 ዶላር ቀጣው። ሌሎቹ ክለቦች አቅሙ የላቸውም፣ እኩልነት ይጓደላል ተባለ። የዚያ ዓመት ትልቁ ደሞዝ የቅጣቱን ግማሽ አይሞላም። ጉልበት ቢላተምም እኩል ይላተም ነው ነገሩ። ሊጉ በ2024 ለሁሉም ቻርተር እስኪያቀርብ ድረስም እኩል ተላትሟል።

ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ውጭ ለመጫወት ሄዳ ለአሜሪካው ወቅት በሰዓቱ ያልተመለሰች መጀመሪያ በገንዘብ ትቀጣለች፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ትታገዳለች። «አላበላሽም፣ ሄደሽም አትብዪ» ማለት ነው ባጭሩ። ሌላዋ አሜሪካዊት ኮከብ ብሬአና ስቱዋርት ከዚያ በፊት፣ በ2019፣ ለሩሲያው ክለብ ኩርስክ ስትጫወት ሃንጋሪ ውስጥ የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰ። የአሜሪካው ወቅት ሙሉ በሙሉ አመለጣት። ያን ጊዜም ምን እንደተጠየቀ ታውቁታላችሁ።

እኛ ሰፈርም ይህ ጥያቄ አይጠፋም። ልጅቷ ቤሩት ወይ ሪያድ ስትጎዳ «ምን ወሰዳት?» የሚል ጎረቤት ከቡና ላይ ይነሳል። ብር ስትልክ ግን «ምን ወስዶሽ ነው ይሄን ያመጣሽው?» ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ወደ ግራይነር ልመለስ። ፍርድ ቤቱ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ፣ አንድ ፎቶ ይዛ ለካሜራ አሳየች። አሜሪካ ያሉ ባልደረቦቿ ለኮከቦች ጨዋታ ሁሉም የእሷን 42 ቁጥር ለብሰው የተነሱት ነው። ረጅም እጇ ፎቶውን አጥብቆ ይዟል። ኋላ ሞርዶቪያ ወደሚገኝ የሴቶች እስር ቤት ወሰዷት፤ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቦታ ትሠራ ነበር። ዲሴምበር 8 አቡ ዳቢ ላይ አሜሪካ ውስጥ ታስሮ በነበረ ቪክቶር ቡት በሚባል ሩሲያዊ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ተለወጠች። ጠቢባኑ አሁንም ሥራ አልፈቱም። «እሱን በእሷ ነው የለወጥነው?» አሉ። ሒሳብ ላይ ጎበዞች ናቸው።

ስትመለስ፣ ከኦሎምፒክ በቀር ሁለተኛ ውጭ አልጫወትም አለች። ስቱዋርት ደግሞ ከሌላዋ ተጫዋች ከናፊሳ ኮሊየር ጋር ሆና በ2025 ማያሚ ላይ የራሳቸውን ሊግ ጀመሩ። ሦስት ለሦስት ነው። ሐሳቡ ተጫዋቾቹ በረዶ አገር ሳይሄዱ እቤታቸው ደህና ደሞዝ እንዲያገኙ ነው።

ይኼን የሰማ አንድ ጠቢብ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣ ሪሞቱን አንስቶ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አሁን ማያሚ ምን ወሰዳቸው?»