ጸጥታ ናፋቂው ባለ ጀኔሬተር

ባለፈው እሑድ መናገሻ ሱባ ደን ደርሼ ስመለስ፣ ለአገራችን የሽርሽር ሊቃውንት ምስጋና ሳላቀርብ መቅረት ነውር መሰለኝ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ንጹሕ አየር ፍለጋ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ይመጣሉ፤ እንደ ደረሱም አየሩን በከሰል ጭስ ያጥኑታል። ዘመናት ያስቆጠረው ጥድ ባዶ ግንዱን መቆሙ ያሳዝናቸዋል መሰለኝ፣ የራሳቸውንና የፍቅረኛቸውን ስም በጩቤ ይጽፉበታል።

ከሁሉም ግን ባለ ጀኔሬተሩን አደንቃለሁ። ይህ ሰው የመጣው ጸጥታ ናፍቆት ነው፤ «የከተማው ጫጫታ ናላዬን አዞረው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጸጥታውን ለማጣጣም ድምፅ ማጉያ አስፈለገው። ለድምፅ ማጉያው ደግሞ መብራት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጀኔሬተር ጭኖ መጣ። ጀኔሬተሩ ሲያጓራ ዘፈኑ አልሰማ አለ፤ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። ዘፈኑ ሲጮኽ ጓደኞቹ መደማመጥ አቃታቸው፤ እነርሱም መጮኽ ጀመሩ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ሲሸሹ «እዩአቸው፣ እየጨፈሩ ነው!» አለ። ጭሱ ሲያስቸግረው ጀኔሬተሩን አንሥቶ ወንዙ ዳር አኖረው፤ ወንዙስ ለምን ይቅርበት? በመጨረሻ ነዳጁ አለቀና ለአንድ ደቂቃ ያህል ውሃው ተሰማ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ቃኘ። «ምንድን ነው የሚንሿሿው?»

ሊሄዱ ሲነሡ ጠርሙሱንና ፌስታሉን እዚያው ተዉት። ሽማግሌው ጥበቃ ሊያነሡ ጎንበስ ቢሉ፣ «ይተዉት አባቴ፣ ዝናብ ይወስደዋል» አሏቸው።

ይወስደዋል እንጂ! ግን ወዴት? ደኑ ካለበት ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ውሃ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። በዚያ መንገድ ሁሉ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰው በጀሪካን ይቀዳዋል። የዚህ ደን የጥድ ዘር በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን እንደ መጣ ይነገራል። መኪና በሌለበት ዘመን ያን ሁሉ ገደልና ሜዳ አቋርጦ ዘር የተሸከመ ሰው ነበረ፤ እናንተ ባዶ ፌስታል እስከ መኪናችሁ መሸከም ከበዳችሁ?

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ረሳሁት። ባለ ጀኔሬተሩ ሲወጣ በሩ ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለጥበቃው አስተያየቱን ሰጠ፦ «ቦታው ቆንጆ ነው፤ የጎደለው ሶኬት ብቻ ነው።»