ቴዎዶር ገብረሥላሴ ማንንም አልከዳም

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ አስተያየት አንብቤ ንድድ ብሎኝ ነው የዋልኩት። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ተከላካይ ቴዎዶር ገብረሥላሴ ደሙን ክዶ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን ተጫወተ ይላል። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ተከላካያችን ሲተራመስ የት ነበር ብሎም ይጠይቃል። ከሥሩ የላይክ መዓት።

የት እንደነበር ልንገርህ። ጀርመን፣ ቬርደር ብሬመን ክለብ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ አራት ጨዋታ ተሰልፏል። በፊፋ ደንብ ነገሩ ያኔ አልቋል። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲረታን ልጁ ቢፈልግ እንኳ የዋልያን ማልያ መልበስ አይችልም ነበር። ይህን ሳያጣሩ ሰውን ከሃዲ ማለት ነውር ነው!

እሺ፣ ከዚያ በፊትስ? ለቼክ መጀመሪያ የተሰለፈው በ2011፣ በ24 ዓመቱ ነው። እስከዚያ እኛ ምን ነበረን የምንሰጠው? የዜግነት አዋጃችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በልደት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ጥሎ የእኛን ካልመረጠ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ በ1986 ትሬቢች የተወለደ ነው፤ እናቱ ቼክ፣ አባቱ ከእኛ አገር ሄዶ እዚያ የቀረ ሐኪም፣ ኳስ የተማረው እዚያው ይህላቫ ላይ፣ ጓደኛው፣ ትምህርቱ፣ እንጀራው ሁሉ እዚያ የሆነ ልጅ ገና በ18 ዓመቱ ፓስፖርቱን እንዲጥል ነው የምንጠብቀው? ለየትኛው ሊግ? ለየትኛው ሜዳ? በሩን በሕግ የዘጋነው እኛ ነን። ከዘጋን በኋላ ለምን አልገባህም ብለን እንከሰዋለን።

ዋልያን ለብሶ ባየሁት ብዬ እኔም ተመኝቻለሁ። መመኘትና መክሰስ ግን ለየቅል ናቸው።

«ተራ ተከላካይ ነበር» የሚልም አይቻለሁ። ተራ ተከላካይ ከሊበሬትስ ክለብ ጋር የቼክ ሻምፒዮን ይሆናል? ተራ ተመላላሽ በመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ጨዋታው ዶርትሙንድ ሜዳ ላይ የአቻነት ጎል ያገባል? ዘጠኝ የውድድር ዓመት አንድ ክለብ ውስጥ፣ ከ200 በላይ የሊግ ጨዋታ። ብሬመን እንደ ተራ የሚያየውን ሰው ያን ያህል አያቆይም።

ደግሞ ያንን ስም ተሸክሞ ምን እንዳሳለፈ እንርሳ? በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ፖላንድ ቭሮትስዋቭ ላይ ከሩሲያ ጋር ሲጫወቱ፣ በቆዳው ቀለም የተነሳ ከደጋፊዎች የዘረኝነት ጩኸት እንደደረሰበት ታዛቢዎች ሪፖርት አድርገው ነበር። ቼክም 4 ለ 1 ተሸነፈች። ከጥቂት ቀን በኋላ ግሪክን ሲገጥሙ ግን ልጁ ያው ቀኝ መስመሩ ላይ ነው። ገና በስድስተኛው ደቂቃ ያሻገራትን ኳስ የቡድን አጋሩ ፒላርዥ አገባት። ቼክ 2 ለ 1 አሸነፈች፣ በኋላም ምድቡን በመሪነት ጨረሰች።

ጀርመን ስታዲየም ውስጥ አሰላለፍ ሲነበብ አስተዋዋቂው የተጫዋቹን ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ የቤተሰቡን ስም ጮሆ ይጨርሳል። ብሬመን ላይ «ቴዎዶር» ሲባል አርባ ሺህ ሰው የሚቀመጥበት ስታዲየም «ገብረሥላሴ!» ብሎ ይመልስ ነበር። ካደ የምትሉት ይህንን ሰው ነው።